ከመቶ ኪሎ በታች

ጥቅምት 14

ወንድሜ ሚስማር፣

ደብዳቤህ ትናንት ማክሰኞ ደረሰኝ። የመድኃኒት መኪናው ሹፌር «ይኼ ወንድምሽ ካንቺ ሌላ ሰው የለውም እንዴ?» እያለ ነው የሰጠኝ። እንኳን ደህና ሆንክልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጤና ጣቢያውም ደህና ነው። የስልኩ ምሰሶ ግን እንደ ወደቀ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ከመነጋገር ሌላ ምርጫ የለንም።

ከፋብሪካህ ስለ መጣችልን ሞተር ብስክሌት ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ ቀላል ናት። የድሮዋ ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ ሦስት ወንድ ነበር የሚያነሳት። ያንተን እኔ በዚህ ቁመቴ ብቻዬን አነሳታለሁ። ሰው «ወንድሟ ነው የሠራት» ሲል ደረቴን ነፋ አድርጌ ዝም እላለሁ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከኋላዋ ትልቅ የብረት ሳጥን አሠርቶላታል፤ የማዋለጃ ዕቃው፣ ክትባቱ፣ ግሉኮሱ ሁሉ እዚያ ይገባል። ኮረኮንቹን ሞላዋ ዋጥ ያደርገዋል፤ ወገቤን አላመመኝም።

አንድ ነገር ብቻ። ቁልቁለት ላይ ትንሽ ስለቃት መሪዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ዝንብ እንዳስቸገራት በቅሎ። ከዚያ ይተዋታል። ደክሞኝ ይሆናል። ከጠየቅከኝ አይቀር ብዬ ነው እንጂ እንዳታስብበት።

ጽሑፌ ለምን ተንጋደደ እንዳትለኝ፤ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው።

እህትህ


ጥቅምት 19

እታለም፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር በዪኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ መፍቻዬን አስቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

«ራሷን ትነቀንቃለች» ያልሽው የትኛው ቁልቁለት ላይ ነው? ፍጥነትሽ ስንት ነበር? ሳጥኑ ሙሉ ነበር ወይስ ባዶ? ከኋላሽ ሰው ነበረ? ለእያንዳንዱ መልሺልኝ፤ አንዱንም «ተወው» ብለሽ እንዳታልፊኝ።

ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ላስረዳሽ። እናንተ ጋ ጎማ ያለው የሕመምተኛ አልጋ አለ አይደል? ስትገፊው ትንንሾቹ ጎማዎች ዞረው ወደምትሄጂበት ይከተሉሻል። የሞተር የፊት ጎማም በራሱ ቀጥ የሚለው በዚያው ጠባይ ነው። አሁን ደግሞ ባዶውን አልጋ እየሮጥሽ ስትገፊው አንዱ ጎማ እንደ እብድ ሲርገፈገፍ አስቢው። የምፈራው እሱን ነው። ከኋላ ክብደት ሲበዛ የኋላው ሞላ ይሰምጣል፣ ፊቷ ይነሳል፣ የፊት ጎማው መሬቱን አጥብቆ አይረግጥም። ያኔ ትንሽ ጠጠር ብትነካው መርገፍገፍ ይጀምራል። ሻንሲዋ፣ አጥንቷ ማለቴ ነው፣ ጠንካራ ከሆነ ያፍነዋል። አጥንቷ ከተጠማዘዘ ግን መርገፍገፉን ራሱ ይመግበዋል።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከቤንዚን ታንኩ ፊት፣ መሪው የሚዞርበት አንገት ከሻንሲው ጋር የተበየደበት ቦታ አለ። በጨርቅ ጥረጊውና ባትሪ አብርተሽ እዪው። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አለ? ዝገት ነገር ይወጣዋል? እስክትጽፊልኝ ድረስ ቀስ በዪ።

የኔ ሥራ ደህና ነው። ሥራ አስኪያጁም ደህና ነው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ደግሞ ጠረጴዛው አይደለም። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የእጅሽን አጣጣል አውቀዋለሁ። ይኼ የግራ እጅ ነው። ቀኝሽ ምን ሆነ?

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ሚስማር፣

አየሁት። አለ። በቀኝ በኩል፣ ከብየዳው ጠርዝ የጀመረ፣ የትንሿ ጣቴን ጥፍር የሚያህል። መጀመሪያ እውነትም ፀጉር መስሎኝ ጠረግኩት፤ አልለቅ አለ። በጥፍሬ ስነካው ያዘኝ። ባትሪውን አጥፍቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

በተራ ልመልስልህ። ቁልቁለቱ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ረጅሙ ነው። ፍጥነቴ ስልሳ ነበር፤ ትንሽ አልፌም ይሆናል። ሳጥኑ ሙሉ ነበር። ሰው ስለ መኖሩ አትጠይቀኝ።

እጄ አንጓው ላይ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፤ ይድናል። ወድቄያለሁ። ያልነገርኩህ ስለማውቅህ ነው፤ እናታችን የታመመች ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም። መሪው ግራና ቀኝ መማታት ጀመረ፤ እንደ ተያዘ ዓሣ። አጥብቄ ያዝኩት። ባጠበቅኩት ቁጥር ባሰበት። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ፍሬን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው።

ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነው የምሠራው። ጽሕፈት ቤቱ «አንቺ ካልነዳሽ ለክትባት ሠራተኛው ስጪው» እያለ ይወተውተኛል። ቁልፉ ጠፋ ብያለሁ፤ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ሞተር ስንት ቦታ አለው? ጎማ አለው፣ ሰንሰለት አለው፣ ስንት ቡሎን አለው። ከሁሉ መርጠህ ጣትህን እዚያች ቦታ ላይ ያሳረፍከው እንዴት ነው?

እህትህ


ጥቅምት 30

እታለም፣

ለዚህች ጥያቄ መልስ አምስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይኼ ስድስተኛው ነው።

ያወቅኩት ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንገቱን ግራና ቀኝ ደግፈው የሚይዙ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራዎች ነበሩ። ሞተሯ ስትመዘን መቶ አንድ ኪሎ ተኩል መጣች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ማስታወቂያውን «ከመቶ ኪሎ በታች» ብሎ አስለጥፎ ጨርሷል። «ሁለት ኪሎ ከየትም አምጣልኝ» አለኝ። ላሜራዎቹን አወጣኋቸው። የኋላውንም ሞላ በቀጭን ቀየርኩት። ባዶዋን ነድቼ ሞከርኳት፤ እንደ ወፍ ነበረች። ሥዕሉ ላይ ፈረምኩ። ሰው ከኋላ ዕቃ ይጭናል ብዬ አላሰብኩም ብልሽ ውሸት ነው። አስቤ ነበር። «ያን ያህል ማን ይጭናል» ብዬ አለፍኩት።

ትናንት ጠዋት ሠላሳ ኪሎ አሸዋ በሳጥን ከኋላ አስሬ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው አስፋልት ላይ ወጣሁ። የዕቃ ጥራት የሚያዩት ሽማግሌ፣ ጋሼ ፈታሹ የምላቸው፣ «ተው ልጄ፣ በሽቦ አስረን በቁሟ እንሞክራት» እያሉ ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። ሃምሳ አምስት ላይ ምንም የለም። ስልሳ ላይ መሪው እጄ ውስጥ ነዘረኝ። ስልሳ ሦስት ላይ መጣ። አንቺ የጻፍሽውን እኔ አልጨምርበትም። አንቺ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበርሽ፤ እኔ ሜዳ ላይ ሆኜ ስምሽን ጠራሁ። ፍሬን አልያዝኩም። እጄን ላላ አደረግኩት፣ ደረቴን ታንኩ ላይ ጣልኩት፣ ቤንዚኑን ቀስ ብዬ ቀነስኩ። እስኪተወኝ አራት የመብራት ምሰሶ አለፍኩ።

ከዚያው በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ በል እንኳን አላለኝም።

«አንዲት ሴት ቁልቁለት ላይ ወደቀች ብለን ፋብሪካ እንዝጋ?»

«እህቴ ናት» አልኩት።

«እንግዲያው ለእህትህ ቀስ በይ በላት። ለሌላው ደግሞ ሥዕሉ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ አትርሳ።»

ወጣሁ፤ አፌን ይዤ ወጣሁ። እስካሁን አርባ ሞተር ተሽጧል። ፈርቻለሁ፣ እታለም። እስር ቤቱን ፈርቻለሁ፣ ሥራ ማጣቱን ፈርቻለሁ፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤሽን ፈርቻለሁ።

አትንጂያት። ሞት የሚያመጣ ጉዳይ ገጥሞሽ የግድ ከሆነ ሳጥኑን ፍቺው። የምትይዢውን ደረትሽ ላይ እሰሪው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይምጣ። የኋላ ሞላዋ ላይ ያለውን ጥርስ ያለው ቀለበት በመፍቻ ሁለት ጥርስ አጥብቂው። ከአርባ አትለፊ። ከተርገፈገፈች እጅሽን ላላ አድርጊ፣ ፍሬን አትንኪ። ሰው በፍጹም አትጫኚ።

ከኋላሽ ማን ነበረ?

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ሹፌሩ ምሳውን እስኪበላ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታ የለኝም።

የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ዝናብ እየመጣ ነበር፤ «ሲስተር፣ እስከ ቤቴ አድርሺኝ» አለችኝ። «ውጪ» አልኳት። በእኔና በሳጥኑ መሃል ተጣበቀች። ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሆስፒታል አስረው መለሷት፤ ከኔ ክፍል ቀጥሎ ተኝታለች። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ስትገላበጥ እሰማታለሁ።

ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? «ሲስተር፣ ይቅር በዪኝ። ፈርቼ ስለተወራጨሁ ነው። እኔ ነኝ የጣልኩሽ።» ሃያ ስድስት ቀን እንዲህ ስትለኝ ዝም አልኳት። ስንጥቁን ካየሁ በኋላም ዝም አልኳት። ለማን ብዬ እንደሆነ ልንገርህ?

አርባ ነው ያልከው። አንዷ እዚህ ተቆልፋለች። ሠላሳ ዘጠኙ አሁን የት ቁልቁለት ላይ ናቸው? ማን ከኋላ ተቀምጦባቸዋል? አንተ የምትፈራውን ሁሉ ጻፍክልኝ፤ አንዱም የእነሱ አልነበረም። ያሳደግኩህ እኔ ስለሆንኩ ይኼ የኔም ጥፋት ይሆናል።

ለእነሱ እስክትጽፍ ድረስ ለኔ አትጻፍልኝ።


ኅዳር 9

እታለም፣

ጽፌላቸዋለሁ። ስለዚህ ላንቺም ልጻፍልሽ።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ «ለገዢዎቹ ልጽፍ ነው» አልኩት። የመፍቻ ሳጥኔን ቆልፎ በዘበኛ አስወጣኝ። በሩ ላይ የአጥሩን ብረት ይዤ ቆምኩ። በምሳ ሰዓት ጋሼ ፈታሹ መጡ። ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱት፤ የገዢዎቹ ስምና አድራሻ ተጣጥፎ እንጀራው ሥር ነበር፤ ወጥ ነክቶታል። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ 'ታይቷል' እያልኩ ማኅተም መትቻለሁ፤ ይችንም ሳላያት መትቻለሁ» አሉኝ።

እሳቸው ቤት ተቀምጠን ሁለት ቀን ጻፍን። ባለቤታቸው ፖስታውን ያሽጉልን ነበር። «ዕቃ አትጫኑባት፣ ሰው አታሳፍሩባት፣ አንገቷን እዩት፣ አቁሟት» ብለን፣ ላሜራውን ማን እንዳወጣውም ጻፍን። ከእያንዳንዱ ሥር ስሜን አስፍሬያለሁ። ሠላሳ ዘጠኙም ትናንት ቅዳሜ ፖስታ ቤት ገቡ። የመጨረሻውን ሳስገባ እጄን ከሳጥኑ አፍ ማውጣት አቅቶኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ተቆጣኝ።

ሐሙስ በመድኃኒት መኪናው እመጣለሁ። ሁለት ላሜራ ቆርጫለሁ፣ ወፍራም ሞላ አግኝቻለሁ፣ መበየጃ ተውሻለሁ። ጄኔሬተራችሁ ይበቃል። ለጽዳት ሠራተኛዋ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። እስክመጣ ሞተሯን ንክች እንዳታደርጊያት።

ወንድምሽ


ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ሚስማር፣

ስትመጣ አታገኘኝም፤ ይህችን ዘበኛው ይሰጥሃል።

ከተራራው ማዶ አንዲት ሴት ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ባሏ ሲሮጥ መጥቶ በራችን ላይ ተዘረረ። በእግር አምስት ሰዓት ነው። ያን ያህል ጊዜ የላትም። አንተን የያዘው መኪና ከቀትር በፊት አይደርስም።

ሳጥኑን ዘበኛው ፈታልኝ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አሰርኩ። ቀለበቱን ሁለት ጥርስ አጠበቅኩ፤ ሦስተኛው እምቢ አለኝ። ባሏን ብቻህን በእግርህ ተመለስ አልኩት። ስንጥቁን አየሁት፤ አልጨመረም። ወይ እንዳልጨመረ ሆኖ እንዲታየኝ ፈልጌ ነው። ጀሶው ከእጄ ከተፈታ አራት ቀኑ ነው፤ ጣቶቼ ይታዘዙኛል።

ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ጽዳቷ በመስኮት እያየችኝ ነው፤ «ሲስተር፣ ተዪው፣ በቅሎ ፈልጊ» ትለኛለች።

ካልተመለስኩ


ኅዳር 13፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

እታለም፣

ይህን የሚያመጣልሽ የሴትዮዋ ባል ነው። ሰውነቱ አልቆበት ነበር፤ ዘበኛው አብልቶ ትንሽ አሳርፎት አሁን መነሳቱ ነው። አብሬው ልውጣ ብል ዘበኛው «ከመንገድ ብትተላለፉስ? እዚህ ሆነህ ጠብቃት» አለኝ።

ደብዳቤሽ መሃል ላይ ያልቃል። ለምን አልጨረስሽውም? ዘበኛው «ሞተሯ ተነሳችላት፣ ወረቀቱን ሰጥታኝ ሄደች» ይላል። የጎማሽን መስመር እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ተከትዬ ሄጄ ነበር። ቀጥ ያለ ነው። መታጠፊያው ጋ ድንጋይ ሆነና ጠፋብኝ። ቆሜ ባዳምጥ የሞተር ድምፅ የለም።

ለጽዳቷ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ላሜራውን፣ ፊርማውን፣ ሁሉን። የታሰረ እግሯን አየች።

«ታዲያ እኔ አልነበርኩም?»

«አልነበርሽም።»

«ብወራጭም ባልወራጭም?»

«ብትወራጪም ባትወራጪም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልወጣ ስል «ሲስተር ታውቅ ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እሷን ጠይቂያት» ብዬ ወጣሁ። ይቅር በዪኝ።

በሞተሯ እንዳትመለሺ። አንድ ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። ቃል ካቃተሽ ወረቀቱ ላይ መስመር አስምሪበት፤ የእጅሽን መስመር አውቀዋለሁ።


ኅዳር 14

በወረቀትህ ጀርባ ነው የምጽፍልህ፤ እዚህ ሌላ ወረቀት የለም።

ሴትየዋ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን አለች፤ ሕፃኗም ትጠባለች። እንግዴ ልጁን በእጄ አወጣሁት። ደሙ እስኪቆም ድረስ ሌላ ፍርሃት አላሰብኩም።

ሁለት ጊዜ ተርገፈገፈች። አንዴ ሠላሳ አምስት ላይ ነበር፤ ከአርባ በታች ያልከው አልያዘም። እጄን አላላሁት። ስንት ቁጥር እንደቆጠርኩ አላውቅም። ሁለተኛው ድልድዩ ላይ ነበር፤ ድልድዩ መከላከያ የለውም። እዚያ ላይ የሆንኩትን ላንተም ለማንም አልናገርም።

ስንጥቁ በአንገቷ ዞሮ በግራ በኩል ወጥቷል። ሳንቲም ይገባበታል። አንድ ቁልቁለት ቢቀረኝ ኖሮ የፊት ጎማው ለብቻው፣ እኔ ለብቻዬ ነበር የምንደርሰው።

እዚሁ ጥያት ነገ በእግሬ እመጣለሁ። «ሲስተር ታውቅ ነበር?» ላለችህ ለጽዳቷ ምንም አትበላት። እኔው እነግራታለሁ።


ታኅሣሥ 20

እታለም፣

እንደምን ከረማችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልጻፍኩልሽ ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ነበር ለሹፌሩ የነገርኩት። በከፊል እውነት ነው። በጋሼ ፈታሹ ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሞተር አንገት በይደናል። መንግሥት የፋብሪካውን መጋዘን አሽጓል። እኔም ሥራ አስኪያጁም ቃል እንድንሰጥ ተጠርተናል። ምን እንደሚፈርዱብኝ አላውቅም፤ የማላውቀውን መፍራት ለምጄዋለሁ።

ያላጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ከሠላሳ ዘጠኙ ሠላሳ አንዱ መልሰዋል። ከስምንቱ ድምፅ የለም። ከመለሱት አንዷ ገዢው አይደለችም፤ ሚስቱ ናት። ወተት አመላላሽ ነበር፤ ከኋላ ሁለት ትልልቅ የወተት ዕቃ ይጭናል። ደብዳቤዬ ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት ነው የሞተው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ።

ፖስታውን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በገባሁበት ቀን ብልከው ኖሮ በአምስት ቀን እቀድመው ነበር። በጣቴም ቆጠርኩት፣ በቀን መቁጠሪያም ቆጠርኩት። አምስት ቀን።

አልሰደበችኝም። ደብዳቤዋ አጭር ነው። «ስለ ጻፍክልን እናመሰግናለን» ትላለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃኛለች፦ «ያወቅኸው መቼ ነው?»

ምን ብዬ ልጻፍላት? ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቷል። ቀኑን አውቀዋለሁ። እጄ አይጽፈውም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 26

ሚስማሬ፣

ደብዳቤህን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ደግሜ አላነበብኩትም።

ለጽዳቷ የነገርኳት ዕለት «ሲስተር፣ ከኔ ይልቅ ወንድምሽን መረጥሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም። በየጠዋቱ ገብቼ እግሯን አያለሁ፣ ሰላም እላታለሁ፣ እወጣለሁ። ትናንት ውሃ አቀብዪኝ አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ነገር ይመጣል ብዬ ላታልልህ አልችልም።

ለወተት አመላላሹ ሚስት አትጻፍ። ቀኑ በወረቀት አይነገርም፤ ፊቷ ቆመህ ነው። ትጮህብን ይሆናል፤ ዘመዶቹ ይኖራሉ፤ ምን እንደሚያደርጉን አላውቅም። ጽሑፌ ከተንጋደደ ጠረጴዛው አይደለም፤ ይኼን የምጽፈው በቀኜ ነው፣ ጀሶ የለበትም።

ማክሰኞ ሹፌሩ ሲመለስ አብሬው እመጣለሁ። መናኸሪያው ጋ ጠብቀኝ። ብቻህን ሄደህ በሯን እንዳታንኳኳ።

እህትህ